አንድ ገጽ፣ 19 ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት ለትንሽ ሆስፒታል ሲመዘን

የምንመዝነው ነገር አይሸጥም፤ በነጻ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ደህንነት ቼክሊስት አንድ ገጽ ነው፤ በሦስት ዓምድ የተከፈሉ 19 ጥያቄዎች አሉት። በትልልቅ ሆስፒታሎች ስላለው ጥቅም ብዙ ተብሏል። እዚህ የሚመዘነው ግን ለሌላ ዓይነት ቤት ነው፦ ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ በደባርቅ መስመርም ይሁን በመተማ መስመር፣ አንድ የቀዶ ክፍል ብቻ ላለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል። እንዲህ ያለው ሆስፒታል በአገሪቱ መለኪያ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ቀዶውን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንን ነው፤ በሥራ ቦታ አይ.ኢ.ኤስ.ኦ. የሚባለው። ከእሱ ጋር አንድ የአንስቴዥያ፣ ማለትም የሰመመን፣ ባለሙያ፣ መሣሪያ የምታቀብል አንድ ስክራብ ነርስ፣ ከጠረጴዛው ውጭ ሆና የምታገለግል አንድ ሰርኩሌቲንግ ነርስና አንድ የጽዳት ሠራተኛ ይኖራሉ። ሌሊት ሲሆን ከእነዚህም አንዱ ይጎድላል።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ወረቀቱ ከ5 ኮከብ 4 ይገባዋል። አንዱ ኮከብ የተቀነሰው ለከፍታ ቦታ፣ ለሲ-ሴክሽን ማለትም በቀዶ ለሚደረግ ማዋለድ፣ እንዲሁም መብራት ለሚቆራረጥበት ቤት በልክ ያልተሰፋ ስለሆነ ነው። ቀዶው ካለቀ በኋላ ተሞልቶ ካርድ ውስጥ የሚከተት ከሆነ ግን አንድ ኮከብም አይገባውም። ያኔ ባዶ ወረቀት ይሻላል፤ ባዶ ወረቀት ቢያንስ በሐሰት አይመሰክርም።

ማስረጃውም ይህንኑ ልዩነት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2009 የታተመው ጥናት ቼክሊስቱን በ8 ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች ሞከረ፤ ከእነዚህ አንዷ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ናት። ከቀዶ በኋላ የነበረው ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 ወረደ፤ ከባድ ችግር የገጠማቸውም ከ11 በመቶ ወደ 7 ዝቅ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከካናዳዋ ኦንታሪዮ 101 ሆስፒታሎች የወጣው ውጤት ግን በዚህ ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ ነው የወረደው፤ በስታቲስቲክስ ሚዛን ለውጥ የማይባል። ወረቀቱ ያው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች ባለሙያዎቻቸውን አሠልጥነው፣ ሥራውን የሚከታተል ሰው መድበው ነው የጀመሩት። የኦንታሪዮዎቹ ደግሞ አጠቃቀማቸውን ለመንግሥት ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ነበረባቸው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል «ተጠቅመናል» ብለዋል። ልዩነቱን ሁሉ በዚህ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሪፖርት ለማሟላት ሲባል ቅጽ እንዴት እንደሚሞላ ለሚያውቅ ሰው ግን ስጋቱ የትኛው ጋ እንደሆነ ግልጽ ነው።

የመጀመሪያው ዓምድ ሳይን ኢን ይባላል። ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ በሽተኛው እየሰማ፣ ነርሷና የአንስቴዥያ ባለሙያው የሚያነቧቸው 7 ጥያቄዎች ናቸው። ከሁሉም ቀላል የሚመስለው የመጀመሪያው፣ ማለትም ማንነት፣ በእኛ አካባቢ ብዙ ያሳስታል። ካርድ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ አስታማሚ ነው። የዓለም ስምና የክርስትና ስም ይደበላለቃሉ። በአንድ ዋርድ ውስጥ እስከ አባት ስም የሚገጥሙ ሁለት ሴቶች መተኛታቸውም ብርቅ አይደለም። «እማማ፣ ጥሩነሽ ነዎት?» ተብለው ሲጠየቁ ደግሞ ሐኪም የሚያከብሩ እናት «አዎ፣ ልጄ» ይላሉ፤ ባይሆኑም፣ በቅጡ ባይሰሙም። ስለዚህ ጥያቄው መልሱን ይዞ መምጣት የለበትም፦ «እማማ፣ ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ። ዛሬ ምን ሊሠራልዎ ነው?» የተናገሩት ከካርድ ቁጥሩ ጋር ይመሳከር። የእጅ አምባር ከሌለ በፕላስተር ቁራጭ ላይ ስም እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥርና ዕድሜ ጽፎ እጅ አንጓ ላይ መለጠፍ ይበቃል። ፕላስተሩ ካኑላ፣ ማለትም በደም ሥር የሚገባው ቀጭን ቱቦ፣ በሌለበት እጅ ይሁን፤ ካኑላ ሲቀየር አብሮ ተላጦ ይጣላልና። በሽተኛዋ ራሷን ካልሳተች በቀር የባል ወይም የወንድም ፊርማም የእሷን እሺታ አይተካም።

የሚቀደደው ጎን ምልክት ይደረግበት ይላል ቅጹ። በእስክሪቢቶ የተደረገ ምልክት በአዮዲን ሲታጠብ ይጠፋል፤ የማይለቅ ማርከር ወይም ጄንሺያን ቫዮሌት ይሻላል። አለርጂና አስቸጋሪ የአየር ቧንቧ የሚሉት ጥያቄዎች እንዳሉ ይሠራሉ፤ እዚያ ላይ ምንም የምንጨምረው የለም።

ፐልስ ኦክሲሜትሩ፣ ጣት ላይ ተደርጎ በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በመቶኛ የሚለካው መሣሪያ፣ ግን ሰፋ ያለ ንግግር ይፈልጋል። ቅጹ «በሽተኛው ላይ ተደርጎ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ስንት ማንበብ እንዳለበት አይናገርም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ትበልጣለች፤ መተማ ከ1,000 በታች ያለ ቆላ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ የሚገኘው «95 እና ከዚያ በላይ» ለባሕር ጠረፍ ሰው የተለካ ነው። ጎንደር ላይ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያሳይ አያስደነግጥም፤ ደባርቅ ላይ ከዚያም ትንሽ ሊወርድ ይችላል። ይህ ማለት የማንቂያውን ድምፅ ዘግቶ መሥራት ማለት አይደለም። ማድረግ የሚገባው በሽተኛው ኦክሲጅን ሳይሰጠው የሚያሳየውን ቁጥር በቅጹ ጠርዝ ላይ መጻፍና በኋላ የሚታየውን ከዚያ ጋር ማነጻጸር ነው። ከ94 ተነስቶ ኦክሲጅን እየተሰጠው 91 የደረሰ በሽተኛ፣ 91 ራሱ «ጥሩ ቁጥር» ቢመስልም፣ እየወረደ ነው።

መሣሪያው የሚዋሽባቸው ሁኔታዎች ይታወቃሉ፦ የቀዘቀዘ ጣት፣ የደም ግፊት መለኪያ የታሰረበት እጅ፣ የጥፍር ቀለም፣ ጠቆር ያለ ሂና። ለሠርግ ወይም ለበዓል ተቀብታ የመጣች ወላድ ስትሆን ጣቷን ትቶ ጆሮዋ ላይ መሞከር ይቻላል፤ ለጆሮ የተሠራ መያዣ ካለ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ መሣሪያው ከእውነተኛው መጠን ከፍ አድርጎ ሊያነብ እንደሚችል ይታወቃል፤ ስለዚህ አጠራጣሪ ቁጥር ሲታይ ወደ ጥርጣሬው ማድላት ይገባል። የአንስቴዥያ ማሽን ይፈተሽ በሚለው መስመር ላይ የኦክሲጅን ሲሊንደሩን ስሌት መጨመርም ጠቃሚ ነው። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር 6,000 ሊትር ኦክሲጅን አለው። መለኪያው 50 ካሳየ የቀረው 2,000 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ሲለቀቅ ከ6 ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል። መለኪያው 10 ሲያሳይ ግን የቀረው 80 ደቂቃ ነው፤ ቀዶ የሚጀመርበት ጊዜ አይደለም።

የደም መፍሰስ ጥያቄው ለአዋቂ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ፣ ለሕፃን በኪሎ 7 ሚሊ ሊትር ይላል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሰው ዓይን ውስጥ አይገባም፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 70 ሚሊ ሊትር ነው፣ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ። እንዲህ ተብሎ ሲነገር ክፍሉ ሁሉ ይጠነቀቃል። ይህን ያህል የሚያሰጋ ከሆነ ሁለት ሰፋ ያሉ ካኑላዎች፣ አረንጓዴ 18 ወይም ግራጫ 16፣ ቀድመው ይገባሉ። ደም ከጎንደር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ «አለ» የሚለው መልስ መልስ አይደለም። ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ? ወይስ መንገድ ላይ ነው? ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና የላከ ሰው የሰዓቱን ርዝመት ያውቃል። የፈሰሰውን በዓይን መገመት ብዙ ጊዜ ያሳንሳል። ደም የጠጣውን ጎዝ በትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ የደረቁን ክብደት መቀነስ ይቻላል፤ 1 ግራም 1 ሚሊ ሊትር ነው።

ሁለተኛው ዓምድ፣ ታይም አውት፣ ምላጭ ቆዳ ሳይነካ ሁሉም እጁን አቁሞ የሚያነበው ነው። መጀመሪያው «ሁሉም ስሙንና ሥራውን ያስተዋውቅ» ይላል። አምስት ሰው ብቻ ባለበት፣ ትናንት ማታ አብሮ ሽሮ የበላ ቡድን ስሙን ሲነጋገር ይሳቃል፤ ይዘለላልም። የቅጹ ግርጌ ላይ እንደ አካባቢው ሁኔታ መጨመርና ማስተካከል እንደሚበረታታ በግልጽ ተጽፏል። ስለዚህ በእኛ ፍርድ ይህ መስመር ወደ ኃላፊነት ክፍፍል ቢለወጥ ይሻላል፦ ሕፃኑን የሚቀበለው ማን ነው? መብራት ቢጠፋ ወደ ጄኔሬተሩ የሚሮጠው ማን ነው? ደም የሚጠራው ማን ነው? ተማሪ ወይም አዲስ የተመደበ ሰው ባለበት ቀን ግን ስሙም ይጠራ። ስሙን የተናገረ ሰው ከዝምተኛው ይልቅ በኋላ «ቆይ» ለማለት ይደፍራል።

አንቲባዮቲክ «ባለፉት 60 ደቂቃ ውስጥ ተሰጥቷል?» የሚለው ጥያቄ በወረቀት ላይ በብዛት ምልክት የሚደረግበትና በሥራ ላይ በብዛት የሚሳሳት ነው። ስህተቱ ከመድኃኒቱ አይደለም። ዋርድ ውስጥ «ወደ ኦ.አር. ልትሄድ ነው»፣ ማለትም ወደ ቀዶ ክፍሉ፣ ሲባል መርፌው ይሰጣል፤ ከዚያ ስትሬቸር ይጠፋል፣ የቀደመው ቀዶ ይራዘማል፣ ስፓይናሉ፣ በጀርባ አጥንት የሚወጋው ሰመመን፣ ሁለት ጊዜ ይሞከራል፤ ምላጭ ሲነሳ ሁለት ሰዓት አልፏል። መፍትሔው መርፌው ከዋርድ ወጥቶ ኦ.አር. ውስጥ በአንስቴዥያ ባለሙያው እጅ እንዲሰጥ ማድረግ ነው፤ ለሲ-ሴክሽንም ልጁ እስኪወጣ ሳይጠበቅ ከመቅደድ በፊት። ሌላው እንቅፋት ሰዓት ነው። አንዱ በአበሻ ሰዓት 3፡20 ይጽፋል፣ ሌላው ከሞኒተሩ ላይ 9፡50 ይገለብጣል፤ ካርዱን የሚያነብ ሰው የ6 ሰዓት ተኩል ልዩነት ያያል ወይም ምንም አያይም። አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ አቆጣጠር፤ በእርሱ የማይጻፍ ሰዓት የለም። የመድኃኒት ማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አዲስ ነርስ ሲመጣ መንገር አይከፋም።

ቀጥሎ ነርሷ «ስቴሪላይዜሽኑ ተረጋግጧል፣ አመልካቹም ታይቷል» ማለት አለባት። በዚህ አካባቢ ቼክሊስቱ ፈጽሞ የማያውቀው ችግር ያለው እዚህ ነው። መሣሪያ ከጀርም የሚጸዳው አውቶክሌቭ በሚባል የእንፋሎት ማሽን ነው፤ በመጽሐፍ ለዚህ የተጻፈው «121 ዲግሪ በ15 ፒ.ኤስ.አይ.»፣ በግፊት መለኪያው አሃድ፣ ለባሕር ወለል ነው። በ2,200 ሜትር የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ መለኪያው 15 ሲያሳይ በአውቶክሌቩ ውስጥ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። 121 ለመድረስ ጎንደር ላይ መለኪያው ወደ 18.5፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከ19 በላይ ማሳየት አለበት። ለማስታወስ የሚረዳው ደንብ በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒ.ኤስ.አይ. መጨመር ነው። ሽሮ ደጋ ላይ ለምን ቀስ ብሎ እንደሚበስል የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ይሁን እንጂ በጉልበት ግፊት መጨመር አይገባም፤ የአምራቹ ከፍተኛ ገደብና የደህንነት ቫልቩ ከሁሉም ይቀድማሉ። ገደቡ የማይፈቅድ ከሆነ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ጊዜውን ማራዘም ነው። ቴርሞሜትር ያለው አውቶክሌቭ ከሆነ ከግፊቱ ይልቅ ቴርሞሜትሩ ይታመን። የታሸገ ጥቅል 121 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ይቆያል፤ ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው፣ እሳቱ ከተለኮሰ ጀምሮ አይደለም።

ውጭ የሚለጠፈው ባለመስመር ፕላስተር መጥቆሩ ጥቅሉ ሙቀት አይቷል ማለት ብቻ ነው፤ ጎዙ መሃል ላይ እንፋሎት ደርሷል ማለት አይደለም። ለዚያ በጥቅሉ መሃል የሚገባ አመልካች ወረቀት ያስፈልጋል። ስክራብ ነርሷ ጥቅሉን ስትከፍት አውጥታ ለሁሉም ታሳይ። ከጥቅሉ ውስጥ እርጥብ ጨርቅ ከወጣ፣ ወረቀቱ ቢጠቁርም፣ ይመለስ። እርጥበት ባክቴሪያ የሚገባበት መንገድ ነውና። በኢትዮጵያ 5 ሆስፒታሎች ውስጥ ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስም ያካሄደው ሥራ ያነጣጠረው በእንዲህ ያሉት ነገሮች ላይ ነበር፦ የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የጋውንና የድሬፕ ማለትም የቀዶ ልብስና የመሸፈኛ ጨርቅ ይዞታ፣ የመሣሪያ ንጽሕና፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራ፣ ቼክሊስቱ ራሱ። የቁስል ኢንፌክሽን 35 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ቼክሊስቱን ለብቻው ከማየት ይልቅ እንዲህ ከጀርባው ካለው ሥራ ጋር ማሰሩ ነው ልዩነቱን ያመጣው ብለን እናምናለን።

ምስል ይታይ የሚለው ጥያቄ ኤክስሬይ በሌለበት ቀን «አይመለከትም» ተብሎ ይታለፋል፤ ይህም ልክ ነው።

ሦስተኛው ዓምድ፣ ሳይን አውት፣ 5 ጥያቄ ብቻ አለው፤ ከሦስቱ በብዛት የሚዘለለውም እሱ ነው። ሐኪሙ ጓንቱን አውልቋል፣ ሌላ ወላድ በር ላይ ናት፣ ሁሉም ደክሞታል። ግን የጎዝ ቆጠራ ያለው እዚህ ነው። በከተማ ሆስፒታል ጎዝ በፋብሪካ 5 ወይም 10 ታስሮ፣ ኤክስሬይ የሚያሳየው ክር ገብቶበት ይመጣል። በትንሽ ሆስፒታል ከጥቅል ላይ ተቆርጦ፣ በእጅ ታጥፎ፣ «አሥር አሥር» እየተባለ ይታሰራል። አንዳንዱ ጥቅል 9 ነው፣ አንዳንዱ 11። ክር ስለሌለበትም ሆድ ውስጥ ከቀረ ኤክስሬይ አይገልጠውም። ስለዚህ ቆጠራው የሚጀምረው ከቀዶው በፊት ነው፤ ሁለት ሰው፣ ድምፅ አውጥቶ፣ አንድ በአንድ እየገለጠ። ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ባለ ነጭ ሰሌዳ ይጻፋል፦ ትንሽ ጎዝ፣ ትልቅ ጎዝ፣ መርፌ፣ መሣሪያ። በመሃል የተጨመረ ሁሉ በመደመር ምልክት ይከተላል። ቆጠራው ፔሪቶኒየም፣ የሆድ ውስጠኛው ሽፋን፣ ከመዘጋቱ በፊት አንዴ፣ ቆዳ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ጊዜ ይደገማል። ጎዝ በመቀስ ለሁለት አይቆረጥም። ትልቅ ጎዝ ሆድ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ላይ አርተሪ ፎርሴፕስ የሚባለው መቆንጠጫ ይያዝበት። የጽዳት ሠራተኛዋም ባልዲውን ከክፍሉ እንዳታወጣ፣ ሳይን አውት እስኪያልቅ፣ መነገር አለባት። ቁጥር የሚጠፋው ሆድ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ባልዲ ውስጥ ነው፣ ፍለጋው ግን ሁልጊዜ በሽተኛው ላይ ነው።

የናሙና ስም ጮክ ብሎ ይነበብ፤ በጠርሙሱ አካል ላይ ይለጠፍ እንጂ በክዳኑ ላይ አይሁን። ክዳን ይቀያየራል። የተበላሸ መሣሪያ የሚለው መስመር ምልክት ብቻ ከሆነ ሥራ አይሠራም፤ አንድ ደብተር ይከፈትለት፣ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ማትሮኗ፣ በየሳምንቱ ሰኞ ትየው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር፣ ቼክሊስቱ በወረቀት ሊፈታው ወደማይችለው። ቼክሊስቱ ሰርኩሌቲንግ ነርሷ ሐኪሙን ልታስቆም እንደምትችል አድርጎ ነው የተሰፋው። በትንሽ ሆስፒታል ሐኪሙ አንድ ነው፣ ደክሟል፣ ነገም አብሯት ይሠራል። ይሉኝታ አለ። «ዶክተር ያውቃል» የሚል አነጋገር አለ። ይህን በስብከት መቀየር አይቻልም፤ በተወሰነ ቃል ግን ይቀላል። አስቀድሞ በስብሰባ፣ ሐኪሙ ራሱ ባለበት፣ አንድ ሐረግ ይስማሙበት፦ «ዶክተር፣ እንቁም» ብቻ። ምክንያት አይጨመርበትም፣ ይቅርታ አይጨመርበትም። የሐኪሙም መልስ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፦ «እሺ ሲስተር፣ ምን አየሽ?» ቃሉ ከተወሰነ ድፍረት አይጠይቅም፤ ደንብ ይሆናል። ሐኪሙ መልሱን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ በቁጣ ከመለሰ ግን ሐረጉ ያኔ ሞቷል፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ምልክት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ያለው እንቅፋት ግምገማ ነው። ቃሉ ራሱ ያስደነግጣል፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ግምገማ ማለት ተነስቶ መወቀስ ነው። ስለዚህ «ለጥቂት የተረፈ ስህተት» የሚመዘገብበት ደብተር ሲከፈት የሠራተኛ ስም የሚጻፍበት ቦታ አይኑረው፤ ቀን፣ ምን ሊሆን ነበር፣ ምን አስቆመው፣ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ደብተሩ ለደረጃ ዕድገትና ለቅጣት አይቀርብም፤ ይህን ሜዲካል ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ያውጣ። በጠዋት ርክክብ ላይ አንድ ብቻ ይነበብ፣ 5 ደቂቃ።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ሁሉንም በአንድ ሰኞ መጀመር ያበላሻል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በቀን ሲ-ሴክሽን ብቻ፣ አንዷ ነርስ አንብባ። ከዚያ ሌሎች ቀዶዎች፣ በመጨረሻ የሌሊቱ። ቅጹ በኤ3 ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ ከኦፕሬሽን ጠረጴዛው ትይዩ ይሰቀል፤ የኤ4ው ካርድ ውስጥ ይግባ። የሚነበበው ከግድግዳው ነው እንጂ ከእጅ አይደለም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢቆይ ችግር የለም፤ ንባቡ ግን በአማርኛ ይሁን፣ በሽተኛውም የጽዳት ሠራተኛዋም ይሰሙ ዘንድ። ለሲ-ሴክሽን አራት መስመር ይጨመር፦ ለጨቅላው የ0 እና የ1 መጠን ጭምብል፣ በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ ከሚሰጠው አምቡ ባግ ጋር፣ ተሞክሯል? ማኅፀን የሚያስጨብጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ከነበረበት ማቀዝቀዣ ወጥቷል? ሰክሽን ማሽኑ ይስባል፣ በእግር የሚረገጠውስ አጠገብ አለ? ጄኔሬተሩ ዛሬ ተነስቷል? የኦክሲቶሲኑ መስመር በተለይ ለመተማ ላሉ ሰዎች ነው፤ በዚያ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የዋለ አምፑል ጉልበቱን ያጣል፣ ነርሷም ማኅፀኑ ለምን እንደማይጨብጥ አታውቅም። ከዚህ በላይ መጨመር አይበጅም። 19ኙ ጥያቄ 30 ሲሆን ማንም አያነበውም።

ክትትሉ ካርድ በመቁጠር ከሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ 100 በመቶ ይመጣል። የሚሻለው በሳምንት አንድ ቀዶ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሦስት ነገር ማየት ነው፦ ምላጭ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም እጁን አቁሟል? የተነበበው በድምፅ ነው? ጎዝ ሁለት ሰው ቆጠረው? ከፋይል ክምር ደግሞ የሐሰት አሞላል ምልክቶች በቀላሉ ይታያሉ፦ ሦስቱም ዓምዶች በአንድ እስክሪቢቶና በአንድ እጅ ተሞልተዋል፣ አንቲባዮቲክ የተሰጠበት ሰዓትና የተቀደደበት ሰዓት አንድ ነው፣ በወር ውስጥ አንድም ቀዶ በቼክሊስቱ ምክንያት አልዘገየም። የመጨረሻው ከሁሉም ያሳስባል።

ከዓለም ጤና ድርጅት የወጣ 29 ጥያቄ ያለው የወሊድ ደህንነት ቼክሊስትም አለ። ለማዋለጃ ክፍል ነው እንጂ ለኦ.አር. አይተካም። በህንድ ኡታር ፕራዴሽ በተደረገ ትልቅ ሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት፣ የአዋላጆቹ ሥራ ተሻሽሎ ሞት ግን አልቀነሰም። መጀመሪያ በቀዶው ቼክሊስት ማንበብንና መቆምን የለመደ ሆስፒታል ከዚያ በኋላ ቢወስደው ይሻላል።

ለቀዶው ቼክሊስት ከወረቀቱ ሌላ የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የግድግዳ ሰዓት፣ ነጭ ሰሌዳ፣ የማይለቅ ማርከር፣ በጥቅል መሃል የሚገባ አመልካች ወረቀት፣ የወጥ ቤት ሚዛን። በጀቱ ለአንዱ ብቻ ከበቃ አመልካች ወረቀቱ ይቅደም፤ ሰዓት ከቢሮ ግድግዳ ወርዶ ሊመጣ ይችላል፣ ሰሌዳም በነጭ ወረቀት ይተካል።